ከውጅግራ እስከ ዶሴ፦ የፈረንሳይ ቃላት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ



በፖለቲካችን አደባባይ እንደ መንዝ ብዙ የተባለለት፣ እንደ መንዝም ጥቂት የተጠየቀ አገር ማግኘት ያስቸግራል። አንደኛው ወገን መንዝን ከነግሼውና ከነመርሐ ቤቴው «የነፍጠኛ ምንጭ» ብሎ ይከሰዋል፤ መንግሥት ከተባለ ነገር ሁሉ ሲጠቀም የኖረ አድርጎም ይስለዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ባዕድ ያልነካው፣ ንጹሕ አማርኛ የሚነገርበት አምባ» እያለ ያሞግሰዋል። ከሳሹንም አሞጋሹንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም የአገሩን ሰው ሳይሰሙ ስለ አገሩ ይናገራሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለሁለቱም የምጠራቸው ምስክሮች ቃላት ናቸው፤ ያውም ከፈረንሳይ ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረውና በረሃ አቋርጠው የሸዋን አቀበት የወጡ ተራ ቃላት።

ቃል ጥሩ ምስክር ነው። በዜና መዋዕል የተጻፈውን ጸሐፊው ለጌታው ሲል ሊያሳምረው ይችላል፤ ገበሬው በየዕለቱ የሚናገረውን ቃል ግን ማንም አላዘዘለትም። አንድ ነገር ወደ ቤቱ ሲገባ ስሙን ይዞ ይገባል፤ ነገሩ ካልገባ ስሙም አይገባም። ስለዚህ የትኛው የባዕድ ቃል መቼ ገባ፣ የትኛውስ ከከተማ ሳይወጣ ቀረ ብሎ መጠየቅ፣ መንግሥት ለዚያ አገር ምን ሰጠው፣ ምንስ ነፈገው ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

አስቀድሜ አንድ ጥንቃቄ ላስቀምጥ። የባዕድ ቃል ሁሉ የፈረንሳይ አይደለም። መኪና፣ ጎማ፣ ፖስታና ባንዲራ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ጉምሩክ የቱርክ ነው። ብዙ ደም ያፋሰሰው «ነፍጠኛ» የሚለው ስድብ ራሱ የተገነባበት «ነፍጥ» ከዐረብኛ የተወረሰ ነው። እኔ እዚህ የማነሣው ፈረንሳይኛነታቸው የማያጠራጥረውን ብቻ ነው።

የአንጎለላው ውል

የሸዋ ነገሥታት ዘር ከመንዝ እንደሚመዘዝ የታወቀ ነው። ነጋሢ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ከመንዝ ተነሣ፤ ተከታዮቹም ወደ ደቡብ እየወረዱ እስከ አንኮበር ዘለቁ። ከእነርሱ አንዱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1841) ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ጋር ውል ተዋዋሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1835 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1843)፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ ላይ፣ በፈረንሳይ ንጉሥ በሉዊ ፊሊፕ ስም ከመጣው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል አደረጉ። ፈረንሳይና ሸዋ በጽሑፍ የተገናኙት አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ ከ40 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በዛሬው የሰሜን ሸዋ ምድር ነው።

ውሉ የወዳጅነትና የንግድ ይባላል፤ ንጉሡ ከንግዱ ሁሉ አብልጠው የሚመኙት ግን የጦር መሣሪያ ነበር። ይህ ምኞት ለልጅ ልጃቸው ለዐፄ ምኒልክ ተላለፈ። ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1887) አንኮበር የደረሰው፣ ከዚያም ምኒልክን ፍለጋ እስከ እንጦጦ የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ሁሉ «ሙሴ» ይባል ነበር። ቃሉ ፈረንሳዮች አንድን ሰው በአክብሮት የሚጠሩበት «ሙስዩ» ነው። የስዊስ ተወላጁ አልፍሬድ ኢልግም «ሙሴ ኢልግ» ተብሎ በታሪካችን ተመዝግቧል። ኦሪትን ለሚያውቅ የሸዋ ሰው ጆሮ ይህ አጠራር ከነቢዩ ስም ጋር አንድ ሆነ፤ ባዕዱን የራስ አድርጎ የመስማት ልማዳችን ከዚህም ይታያል።

ወፍራሙ ጠመንጃ

ለተማሪዎቼ አዘውትሬ የማቀርባቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ውጅግራ የምን ቋንቋ ቃል ነው?» አብዛኞቹ ሳያመነቱ አማርኛ ነው ይላሉ። በቀረርቶና በሽለላ የሰሙት ቃል ባዕድ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ውጅግራ ግን «ፉዚ ግራ» ነው። «ፉዚ» በፈረንሳይኛ ጠመንጃ ማለት ሲሆን «ግራ» የመሣሪያውን ንድፍ ያወጣው የባዚል ግራ የቤተሰብ ስም ነው። የስሙ ፍቺ «ወፍራም» ማለት ስለሆነ፣ ቃል በቃል እንተርጕመው ብንል «የወፍራም ጠመንጃ» ይሆናል። የፈረንሳይ ጦር ይህን ባለ 11 ሚሊ ሜትርና አንድ ጎራሽ ጠመንጃ በ1874 (እ.ኤ.አ.) ታጠቀው፤ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ለቤል የተባለውን ሲይዝ አሮጌው ትርፍ ሆነ። የአውሮፓ ትርፍ መሣሪያ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ገዢ ፍለጋ ሲወርድ ምኒልክ ገዙ። በገበሬው አንደበት «ፈ» ወደ «ወ»፣ «ዘ» ወደ «ጀ» ተለወጠና «ፉዚ ግራ» ውጅግራ ሆነ። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ቤልጅግ የቤልጅግ አገር ስም ነው፣ መስኮብ የሞስኮ፣ ስናድርና ምንሽር ደግሞ የእንግሊዝና የኦስትሪያ መሣሪያዎች መጠሪያ ናቸው። አንድ የመንዝ ሽማግሌ የጠመንጃ ዓይነት ሲቆጥር የ19ኛውን መቶ ዓመት የዲፕሎማሲ ታሪክ እየቆጠረ ነው።

መትረየስም የዚሁ ወገን ነው፤ ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» የመጣ ነው። የቃሉ ሥር የጥንት መናኛ የመዳብ ሳንቲም ስም ሲሆን፣ ኋላ በመድፍ ውስጥ ተጨምሮ የሚተኮስ ቁርጥራጭ ብረት መጠሪያ ሆነ፤ ከዚያም ጥይት እንደ ዝናብ የሚያወርደውን መሣሪያ ተከተለ። የጦሩ አለቆች አለቃ ዛሬም «ኤታማዦር ሹም» ይባላል። ግማሹ ፈረንሳይኛ ግማሹ አማርኛ የሆነው ይህ ማዕረግ ንጉሣዊውን መንግሥት፣ ደርግንና ኢሕአዴግን አሳልፎ እኛ ዘመን ደርሷል። መንግሥት ሲለወጥ ያልተለወጠ ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል።

እንግዲህ ስለ ንጽሕና ለሚያወራው ወገን የቃላት ምስክርነት ይህ ነው፦ ከሁሉ አብልጦ «የኛ» የሚለው፣ የአባቶቹን ጀግንነት የሚያወሳበት ቃል ከፓሪስ የመጣ ነው። ይህ አያሳፍርም። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የወደቀና የቆመው ሰው የመሣሪያው ስም ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። የሚያሳፍረው ታሪክ ሳያውቁ ስለ ንጽሕና መፎከር ነው።

ቃል አገር ሲያሳጣና አገር ሲያድን

የባዕድ ቋንቋ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የውጫሌ ውል አስተምሮናል። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መጻጻፍ እንደሚችሉ ሲናገር፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። ልዩነቱ የአንድ ግሥ ነው፤ መጨረሻው ጦርነት ሆነ። ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ሲፈረም የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ተሸናፊው በራሱ ቋንቋ እንዲፈርም አልተደረገም። ፈረንሳይኛ ለምኒልክ መንግሥት ጌጥ አልነበረም፤ ከተንኮል መጠበቂያ ሦስተኛ ወገን ነበር።

ከዚያ በኋላ ፈረንሳይኛ የትምህርትና የውጭ ጉዳይ ቋንቋ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በዋናነት በፈረንሳይኛ ያስተምሩ ነበር። በ1916 ዓ.ም. መግቢያ የገባንበት የዓለም መንግሥታት ማኅበርም የሚሠራው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐ ቤቴ ልጅ ናቸው፤ ያደጉትም በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። የግእዝ ሊቅ ከቆላና ከደጋው መርሐ ቤቴ ተነሥቶ በፈረንሳይኛ የሚናገረውን የዲፕሎማሲ ዓለም መግጠሙ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ አገር በስደት መሞቱ፣ ያ ትውልድ የተሸከመውን ሸክም ያሳያል።

ቴምብር፣ ካርኒ፣ ዶሴ

ጠመንጃው አስቀድሞ ገባ፤ ወረቀቱ ተከተለ። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ የፖስታ ቴምብሮችና ምኒልክን በመልክ የያዘው ብር የተሠሩት በፓሪስ ነው። «ታምብር» በፈረንሳይኛ አስቀድሞ ከበሮን፣ ኋላ ደወልን፣ ቀጥሎም በወረቀት ላይ የሚመታውን ምልክት ሲያመለክት ኖሯል። የእኛ ገበሬ ግን ቴምብርን የሚያውቀው ከደብዳቤ ይልቅ ከማመልከቻና ከውል ጋር ነው። የቴምብር ቀረጥ ዛሬም በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ስሙን እንደያዘ ይኖራል።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ በእንግሊዝኛው «ዶላር»፣ በአማርኛው «ብር» ተባለ፤ መቶኛው ክፍል ግን ከፈረንሳይ «ሳንቲም» ተብሎ ቀረ። ፍቺው መቶኛ እጅ ማለት ሲሆን እኛ ዘንድ ዝርዝር ገንዘብ ሁሉ ሳንቲም ሆነ። «ካርኔ» በፈረንሳይኛ ትንሽ የማስታወሻ ደብተር ናት፤ በአማርኛ «ካርኒ» ሆና የግብርና የክፍያ ደረሰኝ መጠሪያ ሆነች። «ዶሴ» ደግሞ «ዶ»፣ ጀርባ፣ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ በጀርባው ጽሑፍ ያለበት የወረቀት እስር ማለት ነው። በእኛ አገር ዶሴ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይቀጠራል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ለመንዝ ባለጉዳይ የዶሴ መጥፋት ቀልድ አይደለም፤ ለጥቂት ደቂቃ ችሎት የሁለት ቀን የእግር መንገድ የሚሄድ ሰው በነበረበት አገር፣ የጠፋ ዶሴ የጠፋ እርሻ ማለት ነበር።

ቢሮ የሚለውን ቃል ሳነሣ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። «ቡሮ» ጽሕፈት ቤት ከመሆኑ በፊት የጽሕፈት ጠረጴዛ ነበር፤ ጠረጴዛ ከመሆኑም በፊት ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋ ሻካራ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ስለ ሻካራ ሱፍ ከመንዝ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ባናው የሚፈተለውና የሚሸመነው እዚያው ነው። ሆኖም የጨርቁ ስም ከባሕር ማዶ ዞሮ ሲመለስ ሸማኔው ደጅ የሚጠናበት በር ሆኖ ጠበቀው።

ከቃላቱም በላይ ሕጉ ራሱ በፈረንሳይኛ ታስቦ የተጻፈ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊሱ ዣን ግራቨን ሲሆኑ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን 3,367 አንቀጽ ያለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሁለቱም በፈረንሳይኛ ተረቅቀው ወደ አማርኛ ተመለሱ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በ3347ኛው አንቀጹ፣ ሕጉ የያዛቸውን ጉዳዮች የሚመለከተውን የቀድሞ ልማድ ሻረ።

ይህ በደጋው ሰው ሕይወት ምን ማለት እንደሆነ አንድ ምሳሌ ይበቃል። የአገሩ ብሂል «በሺህ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ» ይላል። አዲሱ ሕግ ግን በ1168ኛው አንቀጹ፣ መሬት ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመታት ግብር የከፈለ ሰው ባለሀብት ይሆናል አለ። ሺህ ዓመት በአንድ በኩል፣ 15 ካርኒ በሌላ በኩል! ሕጉ በልማድ መሠረት በወል ለተያዘ የዘመዳሞች መሬት ልዩነት ማድረጉ እውነት ነው፤ ሆኖም የእንግሊዝኛው ቅጂ ይህን ቤተ ዘመድ «አግናቲክ» ይለዋል፤ በአባት በኩል ብቻ የሚቆጠር ዘመድ ማለት ነው። የደጋው ርስት ግን በእናትም በአባትም የሚወርድ ነበር። ሕጉን ያረቀቀው አእምሮና ሕጉ የሚገዛው ሰው ስለ «ዘመድ» አንድ ነገር አልተረዱም ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ ሙግቱ መልኩን ለወጠ፤ ባለጉዳዩን ከሕጉ የሚለየው የቃል ገደል ግን አልተደፈነም።

አቀበቱን ያልወጡ ቃላት

አሁን የቀሩትን እንቍጠር። የባቡር ሐዲዱ ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ተሰጠ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። «ላ ጋር»፣ ጣቢያው፣ ከእኛ ጆሮ ጋር ሲላመድ ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጎን የሚቆም የአገር ስም መሰለና ለገሃር ሆነ። ጋራዥ የዚሁ የ«ጋር» ወንድም ነው። ሹፌር ደግሞ ቀድሞ የእንፋሎት ሞተር ምድጃ የሚያነድ ሰው ነበር። ሳሎን፣ ቡፌ፣ ፓርኬ፣ ሞኬት፣ ሊሴ፣ እነዚህ ሁሉ ከለገሃር ዙሪያ ወደ ከተማው ቤቶች ገቡ። ወደ መንዝ ግን ሐዲድ አልሄደም። ጣሊያን የሠራው የደሴ መንገድ እንኳ በጣርማ በር በኩል መንዝን በጎን ትቶት ቁልቁል ወረደ። ዛሬ በመሐል ሜዳም በዓለም ከተማም ሳሎንና ቡፌ ያለው ቤት አለ፤ የደረሱት ግን ከውጅግራ በኋላ እጅግ ዘግይተው ነው።

የሁለቱን ወገን ቃላት በአንድ ሰው ዕጣ ውስጥ ማየት ይቻላል። ራስ አበበ አረጋይ በወረራው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የሸዋን አርበኞች እየመሩ በእነዚሁ ተራሮችና ገደሎች ተዋግተዋል። ጣሊያን በመትረየስና በአውሮፕላን አምስት ዓመት ሙሉ አላገኛቸውም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ ግን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት «አረንጓዴው ሳሎን» በተባለው ክፍል ውስጥ በወገን ጥይት ተገደሉ። የመንዝ ገደል የጠበቀውን ሳሎን አልጠበቀውም።

እንግዲህ ምን እንበል?

ለከሳሹ ወገን የቃላቱ መልስ ግልጽ ነው። መንግሥት ለዚህ ደጋ ፈጥኖ ያደረሰለት ውጅግራ፣ መትረየስ፣ ቴምብር፣ ካርኒና ዶሴ ነው፤ ማለትም ዝመት፣ ክፈል፣ ተከራከር የሚሉ ቃላት። የምቾቱና የዕውቀቱ ቃላት ከተማ ቀርተዋል። ከመንዝ የተነሡ መሳፍንት መንግሥት መያዛቸው አይካድም፤ የመንዝ ገበሬ ግን በጠመንጃው ስም ተጠራ እንጂ በመንግሥቱ ሳሎን አልተቀመጠም። የገዢን ትውልድ አገርና የገዢን ጥቅም አንድ አድርጎ መቍጠር የታሪክ ዘዴ አይደለም፤ ዛሬ በብዙ አገራችን ክፍል ተራውን ሰው ከቤቱ የሚያፈናቅለው ስሕተትም ይኸው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ «የባዕድ ቃላት ይውጡ» አልልም። ዶሴዎቹ፣ ቴምብሩ፣ መትረየሱ ብለን በራሳችን ሰዋስው ያረባናቸው ቃላት ዛሬ የእኛ ናቸው። የምለው ሌላ ነው፤ ዳኛውም ሹሙም የሚጽፈውን ቃል ባለጉዳዩ ሊረዳው ይገባል። ውጫሌ ላይ አንድ ግሥ ለንጉሥ አደጋ ከነበረ፣ ያልገባው አንቀጽ ለገበሬ የቱን ያህል አደጋ እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ምኒልክ የሚጠብቃቸው ሦስተኛ ቋንቋ አገኙ፤ ገበሬው ያለው ግን የራሱ አማርኛ ብቻ ነው። ሕጉ በዚያ አማርኛ ካላነጋገረው፣ በራሱ አገር ውል የሚፈርም ባዕድ ሆኖ ይቀራል።